ከአልጋ ሳልወርድ የቆጠርኩት

ይድረስ ለምወድሽ፣ ለምሳሳልሽ፣ ከእናታችን ቀጥሎም ለምፈራሽ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሳብሽ የወገብ ሕመም ዘንድሮ ማረሽ? እማዬስ? ዓይኗ እንዴት ሆነላት? አሁንም መነጽሯን ትራሷ ሥር ደብቃ "ጠፋብኝ" ትላለች? ዝምተኛው ባልሽ ደህና ነው? ዋና ዳኛዋስ፣ ያቺ የጎረቤት ልጆችን ጠብ ካልፈረድኩ የምትለው ልጅሽ፣ ስንተኛ ክፍል ደረሰች? እኔ "ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ" ብዬ ልጀምር ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ወረቀት ቀደድኩት። ደህና አይደለሁም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ሲሆን ድምፄ ትንሽ ከተሰበረ "ምን ሆነሽ ነው?" ብለሽ ታቋርጪኛለሽ፣ እኔም "ጉንፋን ነው" እልና አልፈዋለሁ። ይኼን ነገር ግን ሳላቋርጥ ካልነገርኩሽ መቼም አልነግርሽም። የዕረፍት ቀኔ ነው፤ ከልብስ ማጠቢያው ጓሮ ባለችው ክፍሌ ሻንጣዬን ጭኔ ላይ አድርጌ እየጻፍኩልሽ ነው።

ሆዴን ቀዶ ጥገና መደረጌን ታውቂያለሽ። "ሰው ጤነኛ ጨጓራውን ያስቆርጣል?" ብለሽ ሁለት ሳምንት አኩርፈሽኛል። አልፈርድብሽም፣ ቆሜ ስሠራ አላየሽኝማ። ሥራዬ የሆቴል አንሶላ መተኮስ ነው። አንዷ ከወዲህ ሆና እርጥቡን አንሶላ ለሚሽከረከረው መተኮሻ ታጎርሰዋለች፣ ሌላዋ ከወዲያ ሆና እየተቀበለች ታጥፋለች። መቶ ሃያ ስምንት ኪሎ ይዤ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ስቆም ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር። ከወዲያ የምትቀበለኝ ባልደረባዬ፣ አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ የምንላት፣ ትንፋሽሽ ከማሽኑ ይበልጣል ትለኝ ነበር። ሐኪሙም ስኳሩም ግፊቱም እየመጣ ነው፣ ልብሽ አንቺ ቁጭ ብለሽ እሱ እየሮጠ ነው አለኝ። ያን ዕለት አርፌ ተቀምጬ የተለካሁት የልብ ምት በደቂቃ ዘጠና አራት ነበር።

በስምንት ወር አርባ ሦስት ኪሎ ቀነስኩ። የድሮ ቀሚሴን ሬዲዮ ለሁለት ቀዳ ለመስኮቷ መጋረጃ አድርጋዋለች፣ የተረፈውንም ትራስ አልብሳበታለች። ደረጃ ስወጣ አላለከልክም፣ ጉልበቴም ተመልሶ የኔ ሆኗል። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል። ግን እታለም፣ የወረደው ኪሎዬ ብቻ አይደለም።

አባዬ ያስለመደንን አልተውኩትም። በየማለዳው እግራችን መሬት ሳይነካ፣ ያቺን በጤና ጣቢያው ድሬሰር ሆኖ በሽተኛ የሚቆጥርባትን ሰዓቱን ይዞ በየአልጋችን እየዞረ ሁለት ጣቱን አንጓችን ላይ አሳርፎ የልብ ምታችንን ይቆጥር የነበረውን ማለቴ ነው። ሰው ከአልጋው ከወረደ በኋላ የሚቆጠር ቁጥር አይታመንም ይል አልነበር? እኔም እዚህ ከአልጋዬ ሳልወርድ እቆጥራለሁ። በመጀመሪያው ወር ሰማንያ ሦስት ነበር፣ በሦስተኛው ስልሳ ዘጠኝ ገባ፣ በስድስተኛው ሃምሳ ስድስት። ባለፈው ሳምንት ሃምሳ። ዛሬ ጠዋት አርባ ሰባት። እኔና አንቺ ቁጥር እንዲህ ሲወርድ አንድ ጊዜ አይተናል፤ መጨረሻውንም እናውቀዋለን።

ሐኪሙ አይዞሽ ይላል። ሰውነትሽ ሲቀል የልብሽም ሸክም ቀለለ፣ የምትበዪው ሲያንስ ሰውነትሽ መቆጠብ ጀመረ፣ ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ የብዙ ሰው ምት ይወርዳል አለኝ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፎም አይቶኛል፣ ወረቀቱን አገላብጦ ደህና ነው አለ። እኔ ግን ከደጁ ሳልወጣ ተመልሼ አንጓዬን ያዝኩ። ሥራ ላይ እይዛለሁ፣ መንገድ ላይ እይዛለሁ፣ አንሶላ ሳጎርስ እንኳ በግራ እጄ ቀኙን ይዤ ማሽኑ ጣቴን ሊበላኝ ነበር። በቀጠሮዬ ቀን ደግሞ ያደረግኩትን ብትሰሚ ትስቂያለሽ። ከፍ ብሎ እንዲገኝልኝ ብዬ የሆስፒታሉን አራት ፎቅ ደረጃ በሩጫ ወጣሁት። ነርሷ ለክታ ዘጠና ስድስት ስትል ልስማት ምንም አልቀረኝም። ቀና ብላ ላቤን አየችና አሥር ደቂቃ ተቀመጪ አለችኝ። ተቀመጥኩ። ሃምሳ ሆነ።

ብወፍር ይመለስልኛል ብዬም ሞክሬያለሁ። ጨጓራዬ አሁን ከአንዲት ትንሽ ስኒ በላይ አይዝም፤ እኔ ግን ሁለት ዳቦ በላዩ ላይ ጠቀጠቅኩበት። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክኬ ሁሉንም መለስኩት። እዚያው ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

የተማረ ሰው ደህና ነሽ ሲልሽ ለምን አታምኚም ትዪኛለሽ። እታለም፣ ደህና ነው ማለት እንዴት ቀላል እንደሆነ ስለማውቅ ነው። አባዬ ያረፈ ዕለት ጠዋት የእሱን ምት የመቁጠሩ ተራ የኔ ነበር። አንቺ ዩኒፎርምሽን ለብሰሽ፣ የፈተና መግቢያ ወረቀትሽን በጥርስሽ ነክሰሽ፣ ጫማሽን እያሰርሽ ከበሩ ላይ "ስንት ነው?" አልሽኝ። ጣቴ ሥር የነበረው ሠላሳ ስድስት ነው። ሃምሳ ስድስት አልኩሽ። ከታመመ ጀምሮ ምቱን በየማለዳው በምንመዘግብበት ደብተርም ላይ ሃምሳ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። "ተመስገን፣ ከትናንት ተሻለው" ብለሽ ሮጠሽ ወጣሽ። አባዬ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። የራሱን ልብ ያውቀዋል፣ ስንት ዓመት የሰው ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው። ግን እጁን ከእጄ አላወጣም። ያን ጊዜ እውነቱን ብነግርሽ ፈተናውን ትተሽ እንደምትቀሪ ስለማውቅ ነበር። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ጎረቤታችን መርፌ ወጊዋ እኩለ ቀን ላይ መጥታ የታዘዘለትን መርፌ ወጋችው፣ አንቺ ከፈተና ሳትመለሽ አለፈ። አንቺም ደብተሩን ገልጠሽ "ጠዋት ሃምሳ ስድስት የነበረ ልብ በምን ቆመ?" አልሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያቺን ሴት ሰላም ብለሻት አታውቂም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ለቅሶ ቤት ስትመጣ ተነስተሽ ትወጫለሽ፤ ልጅሽን ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣት እንኳ በሯን አልፈሽ ሌላ ሰፈር ድረስ አዝለሻት ሄድሽ። እኔ ይህን ሁሉ አይቼ ዝም አልኩ። መርፌዋ አልነበረም እታለም። እሷ ደጃችንን ሳትረግጥ እኔ ቁጥሩን አውቀው ነበር። ስትፈልጊ እርገሚኝ፣ ግን አንብበሽ ጨርሺ።

አንድ ሌላም አለ። ሐኪሙ ያዞርሻል ወይ፣ ወድቀሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ሁለቱንም ጊዜ የለም አልኩት። ወድቄያለሁ። አንድ ቀን የታጠፈው አንሶላ ክምር ላይ፣ ሌላ ቀን ከነቅርጫቱ ሲሚንቶው ላይ፣ ሬዲዮ ናት ደግፋ ያነሳችኝ። ለምን ዋሸሁት? ደህና ነሽ እንዲለኝ ፈልጌ። እንደ ፈለግኩትም ደህና ነሽ አለኝ፤ አሁን ደግሞ ያለኝን አላምን ብዬ እየተሰቃየሁ ነው። ይህን እስክጽፍልሽ ድረስ በአንቺ ላይ የሠራሁትን በራሴም ላይ እየሠራሁ እንደሆነ አላሰብኩትም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ። ሁሉንም እነግረዋለሁ። ፈርቼ እንዳልውጠው ሬዲዮን ይዣት እሄዳለሁ፤ እኔ ዝም ብል እንኳ እሷ ዝም ማለት አትችልም። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ምናልባት በእርግጥም ምንም አይደለም፣ ምናልባትም ነው። ፈርቻለሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ገና አሁን ነው መራመድ የጀመርኩት፣ መሞት አልፈልግም። አንቺም ደውለሽ ለማጽናኛ የሚሆን ቃል እንዳትፈልጊልኝ። ደብተሩን ከእማዬ ሣጥን አውጪና የመጨረሻውን ገጽ ግለጪው። ሃምሳ ስድስት የሚለውን ሰርዘሽ ትክክለኛውን ጻፊበት፤ የምትጽፊበት እስክሪብቶ ቀለሙ ምንም ይሁን።

እማዬን ጉልበቷን ስመሽ ሰላም በያት፣ ስለ ልቤ ግን ከሐሙስ በፊት አትንገሪያት። ለዝምተኛው ባልሽ ስለ ዝምታው እንደማመሰግነው ንገሪልኝ፤ ቀዶ ጥገናዬን ሰምቶ ያልተቆጣኝ እሱ ብቻ ነው። ለዋና ዳኛዋ ደግሞ አክስትሽ አንድ ክስ ይዛ ልትመጣ ነው፣ ተከሳሿም ራሷ ናት በያት። ከዚያ ነጠላሽን ጣል አድርገሽ ወደ ጎረቤት ተሻገሪና በሩን አንኳኪ። ለመርፌ ወጊዋ ሰላምታዬን በራስሽ አፍ አድርሺልኝ።

ታናሽሽ፣

ከልብስ ማጠቢያው ጓሮ፣ እሑድ ጥቅምት 23 ቀን፤ ከአልጋ ሳልወርድ አርባ ሰባት፣ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ።