በቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ የነበረው ሰም

ጂንካ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1980 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴ ቀድጄዋለሁ። ጥፋት ማጥፋቴን አውቃለሁ፤ ምን ዓይነት ጥፋት እንደሆነ ግን እስካሁን አልገባኝም። የኮምቢ መኪናችንን የጎን በር ከፈትኩት።

ወይጦ ከወረድክ ዘጠኝ ቀንህ ነው። ሁላችንም ለማይከፈተው በር አዲስ መቆለፊያ ልትፈልግ የሄድክ መስሎን ነበር። አሁን ሳስበው አንተ እንደዚያ አላልክም። «ወይጦ ደርሼ እመጣለሁ» ብቻ ነው ያልከው። መቆለፊያ ያልነው እኛ ነን።

ከስድስተኛ ክፍል ስቀር ምንም አልተናገርከኝም። ባትናገረኝም የማዘንህን ነገር ከፊትህ አይቼዋለሁ። ስትመለስ በሩ ተከፍቶ ብታገኘው «ጥሩዬ ናት?» ብለህ የምትጠይቅ መስሎኝ ነው የነካሁት።

ቅዳሜ ጠዋት የዶሮ ላባ ላምባ ውስጥ እየነከርኩ ቀዳዳውን ጠረግኩት። ቁልፉ ግማሽ ድረስ ገብቶ ቆመ። አውጥቼ ከሰል ላይ አሞቅኩትና መልሼ ከተትኩት። ያን ጊዜ ቢጫ ነገር እየቀለጠ ወረደ። ዝገት መስሎኝ በጣቴ ብነካው ማር ማር ሸተተኝ። ሰም ነው፣ አባዬ። በሰሙ ውስጥ የተሰባበረ የክብሪት እንጨት ነበረበት። ማን ይህን ያደርጋል ብዬ ቆም ማለት ነበረብኝ። እጄ ግን ቀድሞኝ ቁልፉን አዞረው። በሩ እየጮኸ ሲንሸራተት ዶሮዎቹ ተበታተኑ።

ጋሽ ነጋሽ ከቀበሌ ሥራቸው ሲመለሱ በአጥራችን በኩል እያለፉ ነበር።

«እንዴ! የሶርሳ መኪና አፏን ከፈተች?» አሉ። «ማነው የከፈታት?»

እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ አዩት።

«አንቺ? ቃል አይወጣትም ስንል እጇ መካኒክ ኖሯል!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና «በቃ፣ ረቡዕ ጠዋት ሾፌር ይዘን እንመጣለን። ለውትድርና የተመለመሉትን ልጆች አርባ ምንጭ የሚያደርስ ሌላ መኪና የለንም» አሉኝ። ባለፈው ዓመት የእሳቸውም ልጅ ሄዷል። ሲነግሩኝ ዓይኔን አላዩኝም።

ከስምንቱ ልጆች አንዱ ኤርሳዶ መሆኑን ታውቃለህ። ማታ ስነግረው «ወንድምሽን በገዛ እጅሽ ሸኘሽው በይ፣ መካኒኳ» አለኝ። ለቀልድ ነበር። እማዬ ግን ተነስታ ወጣች።

ተከትያት ሄጄ ስለ ሰሙ ጠየቅኳት። «አባትሽ ማር ከቆረጠ በኋላ ሰሙን ምን እንደሚያደርገው ጠይቄው አላውቅም። አንቺም አትጠይቂ» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «ኤርሳዶ ተማሪ ስለሆነ አይዘምትም የሚለው ወረቀት እስኪመጣ ብቻ ነበር» አለች። ወይጦ የወረድከው ለዚያ ነው?

ያኔ ባለፈው ወር ያየሁት ትዝ አለኝ። የቀበሌዎቹ መጥተው መኪናዋን ሲጠይቁህ «በሩ አይከፈትም፤ ሞክሩት» አልካቸው። ሦስት ሰው ጎተተው፤ አልተከፈተም። ከሾፌሩ ጀርባ ላሜራ አለ፣ የኋላው መዝጊያ ከተበየደ ቆይቷል፤ በጎኑ በር ካልሆነ ሰው አይገባባትም። ትተው ሄዱ። አንተ ግን መሬት መሬት ታይ ነበር። «ውሸት ከቤታችን አይግባ» የምትለን አንተ ነህ፤ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ በኋላም በየማታው ትለናለህ። ሰሙን የጨመርከው እንዳትዋሽ ነው? እውነት ተናግረህ ነበር ወይስ አልነበረም? ብትነግረኝ ኖሮ አልነካውም ነበር። ግን ማንም የማትናገር ልጅን የሚያማክራት የለም፤ እኔም መናገር አልለመድኩም።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሰሙን አቅልጬ ቀዳዳው ውስጥ መልሼ ልጨምረው ብዬ አሰብኩ። አይሆንም። ጋሽ ነጋሽ ተከፍቶ አይተውታል። «ምን ሆነ?» ቢሉኝ መዋሸቴ ነው፤ መዋሸት ደግሞ አልችልም፣ ፊቴ ያስታውቃል።

ይህን ደብዳቤ እትዬ አስካል በመቀነታቸው ቋጥረው ያመጡልሃል። አንብበህ አቃጥለው። ወረቀቱን ካገኘህ አትዘግይ።

ነገ ጠዋት እማዬ ገበያ ስትወጣ በሩን ዘግቼ እቆልፈዋለሁ። ከዚያ ቁልፉን በፒንሳ ይዤ እዚያው ቀዳዳው ውስጥ እሰብረዋለሁ። ረቡዕን አልጠብቅም፤ በእግሬ ቀበሌ ሄጄ ጋሽ ነጋሽን አስጠራቸዋለሁ። «በሩ አይከፈትም። የሰበርኩት እኔ ነኝ» እላቸዋለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ሌላ ነገር ከጠየቁኝ ዝም እላለሁ፤ ዝም ማለቱን እንደሆነ ለምደውልኛል።

ልጅህ ጥሩዬ ሶርሳ