የደብሪቱ አንገት

ጥር 15፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

በር ላይ ነኝ፤ ፀሐይ እየሞቅሁ። የጎረቤት ግንበኞች ዛሬም ብሎኬቱን ለራሳቸው፣ አቧራውን ለእኛ። ሠርጉ አልፏል። የልጅ ልጃችን ተዳረች፤ የኔ ጉልበት ግን ከእስክስታው ገና አልተመለሰም።

አንተ ደብተር፣ የምነግርህ ስለ ሙሽራዋ አይደለም። ስለ ሚስቴ ስለ ደብሪቱ ነው።

ሜካፕ የምትሠራዋ ልጅ ሙሽራዋን ስትጨርስ አያትየዋን ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ቅባት፣ ዱቄት፣ እንደገና ቅባት። ስትጨርስ ንቅሳቱ የለም። የግንባሯ መስቀልም፣ አንገቷን ዙሪያውን የያዙት መስመሮችም ድራሻቸው ጠፋ። እኔም፣ ይቺን ወይዘሮ ማን ጠራት ብዬ ጠየቅሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሰማችኝም። መስታወቱ ላይ ቀርታለች።

ጥር 16፣ ማታ 1 ሰዓት

ዱብ ዕዳ። ደብሪቱ ሽሮ እያማሰለች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ የአንገቴን ንቅሳት ላስጠፋ ነው አለች። ልጃችን ገነት ቤቴል አንድ ክሊኒክ አጣርታላታለች። በጨረር ነው የሚያጠፉት። ቀጠሮው ከአስተርዮ ማርያም በኋላ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ጨረር ማለት ብየዳ ነው፣ መነጽር አድርገው ነው የሚበይዱሽ አልኳት። ጥርሴን ባስነቀልኩ ጊዜ እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር የተሰማው ጩኸት የማን እንደነበር አስታወሰችኝ። ሽሮው ጨው በዝቶበታል። ውኃ እየጠጣሁ ጨረስኩት።

ጥር 18፣ ከሰዓት

ፀጉሯን ታጥባ ግቢ ውስጥ እያናፈሰች ነው። ከዚህ ሆኜ አያታለሁ። መስመሮቹ ሰማያዊ ሆነዋል፤ ድሮ ጥቁር ነበሩ።

ያኔ የካሚዮን ረዳት ነበርኩ። ለአስተርዮ በዓል ጨውና አቡጀዲ ጭነን አዳዲ ወረድን። ከአለት የተፈለፈለችው ማርያም እዚያ ናት፤ የደብሪቱም አገር እዚያው ነው። ጭነቱ ላይ ቁጭ ብያለሁ። ቤተ ክርስቲያኗ ወዳለችበት ጉድጓድ ከሚወርዱት ሴቶች የአንዷ ነጠላ ሸርተት አለ። ያን አንገት አየሁ። ከጨው ጆንያ ጋር ልወርድ ምንም አልቀረኝ። ሾፌሩ፣ ፀሐይ መታህ እንዴ ብሎ ውኃ አፈሰሰብኝ። ቆይቶ እሷው ራሷ በሌላ ጉዞ ካሚዮኑ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ሰፈር ውስጥ ጠልፎ ነው ያመጣት ይባላል። የተጠለፍኩትስ እኔ ነኝ።

ያ አንገት ነው እንግዲህ የሚጠፋው።

ዘዴ መጥቶልኛል። ለበዓሉ አዳዲ እንሂድ እላለሁ። ቦታውን ስታየው ልቧ ይባባል፤ ቀጠሮውን ትተወዋለች። ገነት ትነዳለች። ቤንዚኑን እችላለሁ አልኩ። ሁለቱም ደነገጡ።

ጥር 21፣ ማታ

አዳዲ ደርሰን መጣን። እግሬ አብጧል። ግን ልጻፈው፤ ነገ ያመልጠኛል።

በአየር ጤና፣ በዓለም ገና አድርገን ወጣን። ከአስፋልቱ ስንገነጠል ኮረኮንች። ገነት መኪናዬ አለቀች እያለች፣ እኔ በጨው ጆንያ ላይ የተጓዘ ሰው እንዲህ አይልም እያልኩ ደረስን። ሰው እንደ ጉንዳን። ቤተ ክርስቲያኗ እንደ ድሮዋ መሬት ውስጥ ናት። ጫማ አውልቀን ወረድን። ወንዱ በወንድ፣ ሴቱ በሴት በር። እኔ ቶሎ ወጣሁ። ግድግዳውን ዳሰስኩት። የመሮው ምት እንዳለ አለ፤ ስንት ዘመን ዝናብ ወርዶበት አልጠፋም። ይኼን አሳያታለሁ ብዬ ነገር አዘጋጀሁ።

ወጣች። ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ገነት ዳቦ ልትገዛ ሄደች። ልጀምር ስል ቀደመችኝ። ወደ ቁልቁለቱ ጠቆመች። ነቃሿ የምትቀመጠው እዚያ ነበር አለች። ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ትበጠብጣለች፤ መርፌዎቹን በክር ታስራለች። የደብሪቱ ሁለት አክስቶች እንዳትነቃነቅ እግሯ ላይ ተቀመጡ። ከወንዙ ማዶ ባለ ብዙ ከብት አዛውንት ነበር፤ አንገቷ ያልተነቀሰ ሴት አላገባም ብሏል። ትኩሳት ይዟት ሰነበተች። ቁስሉ ሳይሽር ለጋብቻ ሽማግሌ ላከባት።

የታጨች እንደነበረች አውቃለሁ። ከዚያው ነው የሸሸችው። ንቅሳቱ ግን የዚያ ሰውዬ ትእዛዝ መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ለአንቱ የተነቀስኩት ይመስልዎታል?» አለች።

ሁልጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«አንገትሽ ያምራል አሉኝ። ደስ ብሎዎት ነበር። ምን ልበል?»

ስለ መሮው ያዘጋጀሁትን ነገር ከምራቄ ጋር ዋጥኩት። የግንባርሽስ አልኩ። እሱ አይነካም፤ በልጅነቴ ስታመም እናቴ ነች ያስነቀሰችልኝ አለች። ገነት ዳቦውን ይዛ መጣች። ፊታችንን አይታ፣ ተጣላችሁ እንዴ አለች። አባትሽ ደክሟቸው ነው አለች ደብሪቱ።

ጥር 23፣ ጠዋት

አኩርፌያለሁ። ማንን እንዳኮረፍኩ አላውቅም። ያ ሰውዬ ሞቶ አፈር ሆኗል። ከብቶቹ ግን እስከ ዛሬ አንገቷ ላይ ሲግጡ ኖረዋል። እኔ ሞኙ አጥራቸውን እያደነቅሁ። ለጓደኞቼ ስንት ጊዜ ፎክሬበታለሁ።

ቢሆንም ንቅሳቱ ይናፍቀኛል። ምን ላድርግ። የኔ ወጣትነት ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጥር 26፣ ከሰዓት

ቤቴል ደርሰን መጣን። ለሙከራ ከጆሮዋ ሥር ትንሽ ቦታ ነኩ። ዶ/ሯ፣ እማማ እንዳይነቃነቁ ብላለች። እኔ ደግሞ፣ መሣሪያው የሚያጠፋ ከሆነ ወደ ኋላ አዙራችሁ መላጣዬ ላይ ፀጉር አታበቅሉበትም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ደብሪቱ በሳቅ ተንፈራፈረች። ከክፍሉ አስወጡኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ እንደ ረባሽ ተማሪ።

ገነት ለዋናው ቀን አባዬ ቤት ይቅር አለች። እናትየዋ፣ «ይምጡ፤ ግን አፋቸውን ይያዙ» ብላ ፈረደች።

ጥር 29፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ኮቴን ለብሻለሁ። ቀጠሮው ዛሬ ነው። አብሬያት እገባለሁ፤ እጇን እይዛለሁ፤ ትንፍሽ አልልም።

ቅድም በር ላይ ፀሐይዋ ስትወጣ፣ አንዴ ልየው አልኳት። የምቀልድ መስሏት ጠበቀች። አልቀለድኩም። ነጠላዋን ራሷ ወደ ትከሻዋ አወረደችና አገጯን ቀና አደረገች። ዙሪያውን አየሁት። በቃዎት አለች። በቃኝ አልኩ።

ውሸቴን ነው። ግን ገነት ክላክስ እያደረገች ነው።