በሬያችን ማን ይባል ነበር?

ወረታ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለሠርካለም፣
አዲስ አበባ

ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ? ባለፈው ድምፄ ተዘጋ ስላልሽ እማዬ ጧት ማታ ስለ ጉሮሮሽ ትጠይቀኛለች። ቀኑን ሙሉ ተማሪ ፊት ስጮህ የምውለው እኔ ነኝ፤ ስለ እኔ ጉሮሮ ግን ጠይቃ አታውቅም። ይሁን፤ ዘፋኟ አንቺ ነሽ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ጎረቤታችን ባየህ ነው፤ ሹፌር ቢሆንም አደራ አይበላም።

ኢንተርኔት ላይ ያለውን የሕይወት ታሪክሽን አስተካክዪው ካልሽኝ ወር ሊሞላው ነው። ገጹን እኔ ብጀምረውም አሁን ሰው ሁሉ እየገባ የሚያርምበት ቤት ሆኗል። በተለይ አንድ ስሙን የማላውቀው አራሚ አለ። «ድምፀ መረዋዋ» ብዬ ብጽፍ አጠፋው፤ «ተወዳጇ» ብል እሱንም አጠፋው፤ «የሕይወት ታሪክ ነው እንጂ ውዳሴ አይደለም» ብሎም ገሠጸኝ። ተናደድኩ። ኋላ ረጋ ብዬ ሳነበው ግን እውነቱን ነው፤ ያ ሁሉ ሙገሳ ሲወርድልሽ ይበልጥ አንቺን ትመስያለሽ። ችግሩ በማጥፋት ብቻ አለማቆሙ ነው። ስለ ትውልድሽ ባዶ የተውኩትን ቦታ «ከአርሶ አደር ቤተሰብ ተወለደች» ብሎ ሞላው። የብዙው ዘፋኝ ታሪክ እንደዚያ ስለሚጀምር የአንቺም እንደዚያው መስሎታል።

አንቺ ደግሞ «እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ይጻፍልኝ፤ አላፍርበትም» አልሽ። እኔስ የማፍርበት መሰለሽ? አንቺ ባለሽበት ይህን ብትናገሪ ይጨበጨብልሻል። እዚህ ግን ጠይብ ምን እንደሚባል፣ ሰው ሲያየን ልጁን በነጠላው እንዴት እንደሚሸፍን አልረሳሽውም። አንበሳሜን ለቀን ማንም ወደማያውቀን ወደ ወረታ የመጣነው ለምን ሆነና።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ። ልጄን ሰገንን የቁሐር ሚካኤሉ አቶ አለኸኝ ለልጃቸው ለዘመኑ ጠይቀዋታል። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው። ይዋደዳሉ፤ ልጅቷ ስሙን ስትጠራ እንኳ ፊቷ ይበራል። ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት እንደ ወጉ ዘር መቁጠር ሲጀምሩ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ይኸኔ ዘመኑ ስልኩን አወጣና «አክስቷን ሠርካለምን አታውቋትም እንዴ?» ብሎ ገጽሽን ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «ከአርሶ አደር ቤተሰብ» የሚለው ላይ ሲደርስ ትልቁ ሽማግሌ «እንግዲያማ የኛው ሰዎች ናቸው» አሉና ወደ ጥሎሹ ጉዳይ አለፉ። እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘር በአንድ መስመር አለቀ። ሰገንም እንደነሱ አምናው ተቀምጣለች፤ ነግሬያት አላውቅም።

እንግዶቹ እንደሄዱ እማዬ «እስቲ ለእኔም አንብቢልኝ» አለች። አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና «በሬያችን ማን ይባል ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። በሬ ኖሮን እንደማያውቅ ታውቂያለሽ፤ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ተጠርተን ቁሐር ሚካኤል ሄድን። ሜዳውን የሸፈነው የክረምቱ ውኃ ሸሽቷል፤ ሩዙ ታጭዶ ተከምሯል። የዘመኑ እናት ወይዘሮ ንግሥቲ ደግ ሴት ናቸው፤ ለሠርጉ ጠላ የሚጠመቅበትን ጋን ሊያሳዩን ጓዳ አስገቡንና ወደ እማዬ ዞሩ።

«ይኼን ጋን አዩልኝ እመት ድንቅነሽ? ከአንበሳሜ ገበያ በአህያ ነው ያስመጣሁት። ይኸን ሁሉ ክረምት ሲያልፍ አንዲት ስንጥቅ የለበት። ጠይቦቹ ዓይናቸው ባይታመንም እጃቸውን እግዜር ባርኮታል።»

እማዬ እጇን ጋኑ አንገት ላይ አሳረፈች። ጭቃው ሳይደርቅ በአውራ ጣቷ ተጭና የምትተወውን ምልክት ታውቂዋለሽ። ጣቷ ሄዶ እዚያው ምልክት ውስጥ ገባ፤ ልክክ አለ።

«ጥሩ ጋን ነው» አለች። እኔ ማልቀስም ሮጦ መውጣትም አማረኝ፤ ሁለቱንም ሳላደርግ ጠላዬን ጠጣሁ።

እንግዲህ አንቺው ፍረጂኝ። «እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት» ብዬ እጽፍና «አስቀምጥ» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ እምቢ ይለኛል። ብጽፈው የልጄን ትዳር አፈርሳለሁ፤ ብተወው እናቴን ከገዛ ልጇ ታሪክ አስወጣታለሁ። እስከ ሠርጉ ታገሽኝ ልልሽ አስቤ ነበር። ከሠርጉ በኋላም ግን ሰገን የምትኖረው እዚያው ቤት ነው፤ የምትወልደውም እዚያው ነው። ታዲያ መቼ ሊጻፍ ነው? በየትም በኩል ባስበው መውጫ አጣሁለት፤ ደክሞኛል።

ስንመለስ ባጃጁ ወረታ ሊገባ ሲል እማዬ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ለሠርካለም ጻፊላት» አለችኝ። «ለሠርጉ ትምጣ። ሰዎቹ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ለበሬው ስም አውጥታ ትምጣ።»

እንዳለችኝ ጻፍኩልሽ። ጉሮሮሽን ከብርድ ጠብቂ። ጭቃውን እያሸች ያሳደገችን እጅ በረከቷ አይለይሽ፤ እኔንም አይለየኝ።

የድንቅነሽ ልጅ፣
እህትሽ ትርሲት