ደብዳቤዬን ሟቿ ታደርስልሻለች

ሰሜን ፔንቴኮስት ደሴት፣ ኦክቶበር 14 ቀን

ለምወድሽ ልጄ ለኖሊን፣

ይህን ወረቀት በእጅሽ የምትሰጥሽ፣ አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ ቀጭን ልጅ ብሪዮኒ ናት። አዎ፣ ራሷ ናት። እናንተ እዚያ አውስትራሊያ እርሻው ላይ ሻማ አብርታችሁ፣ ፎቶዋን ይዛችሁ ያለቀሳችሁላት፣ አገር ምድሩ ተገድላለች ያላት ብሪዮኒ። እንዳትደነግጪ፤ ንኪያት፣ ሥጋና ደም ናት። ሻይ አፍዪላት፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምሪበት፤ ከዚያ ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው አንብቢ።

ለመሆኑ አንቺ እንዴት ሰነበትሽ? መንደሪን ስትለቅሚ ያመመሽ ወገብ ተሻለሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፣ ከደህናም በላይ ነኝ። ሦስት ሳምንት በወጉ ሳልተኛ ከርሜ ጭራሽ አልደከመኝም። ፊደሉ የተጣመመብሽ እጄ ከሐሳቤ እኩል መሮጥ አቅቶት ነው። በስልክ መልእክት ስትጠይቂኝ «በወረቀት እነግርሻለሁ» ብዬ የዘጋሁብሽ ተቆጥቼ እንዳይመስልሽ። አውራ ጣቴን ስለማላምናት ነው። ምን ጉድ እንደሠራች አሁን ትሰሚያለሽ።

ብሪዮኒና ፍቅረኛዋ ዴክላን ከአውስትራሊያ የመጡት ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ነው። ባሕሩ ዳር ያለችውን የእንግዳ ክፍል ሰጠኋቸው። ልጁ ሳቂታ ነው፤ የአጎትሽን የሹም ሲላስን የጀልባ ሞተር ጠገነለት፣ ከወንዶቹ ጋር የካቫ ሥር ጭማቂ ጠጣ፣ በሁለት ቀን መንደሩን በሙሉ እጁ አስገባ። እሷ ግን እሱ በገባ ቁጥር የጀመረችውን ወሬ ታቋርጣለች። ይህን ነገር ከዚህ በፊት የት እንዳየሁት ልቤ ያውቃል፣ ግን ዝም አልኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጎደሬ እየላጥኩ ሳለ ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ ዴክላን ስልኳን ድንጋይ ላይ ከስክሶታል፣ እሷን ደግሞ ግድግዳው ላይ አጣብቆ በቡጢ ይላታል። ቢላዬን እንደያዝኩ መሃላቸው ገባሁ። እሱ ወደ ኋላ ሲል እሷ በጓሮ በር ወጥታ ወደ ጫካው ተፈተለከች።

ተከትዬ አገኘኋትና አክስትሽ ሜብል ጋ፣ ተራራው ላይ ካለችው የእርሻ ጎጆዋ ወስጄ ደበቅኋት። «የት እንዳለሁ ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ፤ በአባትሽ መቃብር ማልኩላት። ዴክላን እስከ ከሰዓት ሲፈልጋት ቆየና የደረቀ ኮኮናት ሊጭን በመጣው መርከብ ተሳፍሮ ወደ ሳንቶ ደሴት ሄደ። በዚሁ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ እህቷ በደሴታችን የእንግዳ ማረፊያዎች ገጽ ላይ «ስልኳ አይነሣም፣ እህቴን ያየ ሰው አለ ወይ?» ብላ ጻፈች። ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ወጥቼ ሳነበው አንጀቴን በላችው። መሐላዬን ደግሞ ማፍረስ አልፈለግሁም። ስለዚህ የት እንዳለች ሳልናገር፣ ያየሁትን ብቻ በገዛ ቋንቋችን ጻፍኩላት፦ «ማን ያ ኢ ኪሊም ጌል ያ። ሄም ኢ ሮንዌ።»

አንቺን ቢስላማ ላስተምርሽ አይደለም፤ ለጋዜጠኛ ሁሉ ሳብራራ ስለከረምኩ አፌ ለምዶብኝ ነው። «ኪሊም» ስንል መታ ማለታችን ነው። ገደለ ለማለትማ «ኪሊም ኢ ዴድ» ብለን ሞቱን እንጨምርበታለን። «ሄም» ደግሞ ለወንድም ለሴትም ያው አንድ ነው። እኔ የጻፍኩት «ሰውየው ልጅቷን መታት፤ እሷ አመለጠች» ብዬ ነው። ባሕር ማዶ የተነበበው «ሰውየው ልጅቷን ገደላት፤ እሱ አመለጠ» ተብሎ ነው። ከሁለት መስመር የማትበልጥ ጽሑፍ፣ ኖሊን። አንዷን በሕይወት ያለች ልጅ ቀበርኳት፣ አንዱን ደግሞ ነፍሰ ገዳይ አድርጌ አሳደድኩት።

ይባስ ብሎ በዚያው ቀን ዝናብ ጣለና የኔትወርኩ ምሰሶ ባትሪ ተበላሸ። ስድስት ቀን ሙሉ ሥራዬን ስሠራ ሰነበትኩ፣ ደግ ሠራሁ ብዬም ኮርቼ ነበር። ምሰሶው የተጠገነ ዕለት ስልኬ እጄ ላይ እስኪሞቅ ድረስ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ያን ቀን መንደሩ በሙሉ ኮረብታው ላይ ነበር፤ እርሻ የወረደ ሰው የለም።

የባሕር ማዶ ሰዎች ያላሉት ነገር የለም። በገጼ ላይ የለጠፍኩትን የጓሮዬን ፎቶ አግኝተው፣ በቅጠል የተጠቀለለ ላፕላፕ የማበስልበትን ጉድጓድ በቀይ ከበውት «አፈሩ በቅርቡ የተቆፈረ ነው» ይላሉ። አዎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እቆፍረዋለሁ። ውሻችን ፎቶው ላይ ፊቱን አዙሮ መቀመጡ ራሱ ምስክር ተደርጎ ተቆጠረ። አንዲት አዋቂ ነኝ ባይ ሬሳዋን ውሃ አጠገብ፣ ትልቅ ዛፍ ሥር በራእይ አየሁት አለች፤ ደሴት ላይ ውሃና ዛፍ የሌለበት የት እንዳለ ትንገረኛ። ካናዳ ያለ አንድ መነጽራም ሰውዬ ስለ ቤቴ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያወራል፣ የደጄን መቀርቀሪያ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ዴክላንን ደግሞ በአንድ ቀን አራት አገር አይተውታል። እውነቱን ልንገርሽና፣ ስሜን ያን ያህል ሰው ሲጠራው መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ነው ያፈርኩት።

ላስተካክል ብዬ «አልገደላትም» ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜማ «አሮጊቷን አስፈራርተዋታል፣ ቃሏን ለወጠች» ተባለ። ደግሜ ስጽፍ ግብረ አበር ሆንኩ። አንዱ እንዲያውም የጎደሬ ቢላዬን ምስል በቀስት አመልክቶ አወጣው። ከዚያ ወዲያ ስልኩን አጥፍቼ ሩዝ ጆንያ ውስጥ ቀበርኩት።

ከዋና ከተማው ከቪላ ፖሊስ መጣ። ሳጅን ናኮ ይባላል፣ የአገራችን የደቡቡ ደሴት የታና ልጅ ነው፣ ረጋ ያለ ሰው። ጽሑፌን አንድ ጊዜ አነበበና፣ «እናቴ፣ እኔ ገብቶኛል። ያልገባት አውስትራሊያ ናት» አለኝ። መሐላዬን ነገርኩት። አብረን ተራራውን ወጥተን ብሪዮኒን አየናት፤ ትንሽ ከመክሳት በስተቀር ደህና ናት። ለእናቷ ብቻ በፖሊሱ ስልክ ደወለች፤ ሁለቱም ለብዙ ደቂቃ ተነፋረቁ። ለሌላው ዓለም ግን ዴክላን ሳይያዝ ፊቴን አላሳይም አለች። ሳጅኑም ቃሏን አከበረላትና እሱን ሊፈልግ ተነሣ።

ፍለጋ አላስፈለገም። በሦስተኛው ቀን ዴክላን ራሱ በዓሣ አጥማጆች ጀልባ መጣ። ጺሙ አድጓል፣ ጫማ የለውም፣ ሳንቶ ላይ ሰዎች ለይተውት በድንጋይ አባረውታል። አጎትሽ እግር ላይ ወድቆ፣ በሕይወት መኖሯን ንገሩልኝ፣ አለዚያ ይገድሉኛል እያለ አለቀሰ። እኔም አዘንኩለት፤ አልዋሽሽም። መትቶ ሳለ ገደለ ተብሎ የተፈረደበት በእኔ ጣት ነው።

አጎትሽ መንደሩን ከመሰብሰቢያ ቤቱ ከናካማሉ ፊት ለፊት ሰበሰበ። ብሪዮኒም ከሜብል ጋር ወረደች። እንግዲህ ልጄ፣ ይህን ደህና አድርገሽ አንብቢ። አጎትሽ ተነሥቶ፣ እንደ ወጋችን ዴክላን አሳማና ሰሌን ያቅርብ፣ እሷም ትቀበል አለ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ፎቶ ይነሡና ፎቶው ይሰራጭ፤ ያን ጊዜ እሱም ነጻ ይወጣል፣ የደሴታችንም ስም ይነጻል አለ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ያማረ መላ ነው፣ እኔም መነቅነቅ ጀምሬ ነበር። ከዚያ አጎትሽ ጨመረበት፦

«ኖሊንና ባዚልን ያስታረቅናቸው እንዲሁ አይደለም እንዴ?»

ባልሽ የነበረው ባዚል ከፊት ተቀምጧል። እሱም ነቀነቀ።

ብሪዮኒ ዴክላንን አየችው፣ የተራቆተ እግሩን አየችው፣ እሺ ልትል ከንፈሯ ሲላወስ አየሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ሜብል ጋ ሆና ቋንቋችንን ተለማምዳለች፣ ያንቺንም ነገር ከእኔ ሰምታለች፤ ግማሹን ብቻ ነበር የነገርኳት። በዚያች በተሰባበረች ቢስላማዋ፣

«ማማ ዶሪስ፣ ኖሊን ከታረቀች በኋላ መታት ወይስ አልመታትም?» አለችኝ።

አባትሽ ከሞተ ወዲህ በአጎትሽ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ሰው ሁሉ አየኝ። ዝም ብል እጇን ለዴክላን ትሰጣለች፤ ፎቶው ላይ ፈገግ ትላለች፤ እኔም ወደ ጎደሬዬ እመለሳለሁ።

«የታረደው አሳማ ሥጋ ሳያልቅ መታት» አልኩ።

«ማማ፣ እሱ የቤት ጉዳይ ነው እኮ» አለ ባዚል።

«ከቤትህ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የምን ቤት?»

አንዲት ሴት ከኋላ ሳቀች፣ ሜብል መሰለችኝ። ከዚያ እግሬ በራሱ ጊዜ ወሰደኝ። ቤት ገብቼ ከጣሪያው ሥር ጠቅልዬ ያስቀመጥኳቸውን፣ በእርቃችሁ ዕለት ባዚል የሰጠንን አሥር ቀይ ሰሌኖች አወረድኩ፤ አቧራቸውን ሳላራግፍ ተሸክሜ መጥቼ እግሩ ሥር ዘረገፍኳቸው። እርቅ የገባ ሰሌን ሲመለስ በመንደራችን ታይቶ አያውቅም። ወንዶቹ በሙሉ ተነሥተው ቆሙ።

«ዶሪስ፣ ምን እያደረግሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለ አጎትሽ።

«አሁን አውቃለሁ ጋሼ። ያን ጊዜ ነበር ያላወቅሁት።»

እልል ማለት አሰኝቶኝ ነበር። ብሪዮኒ ተነሥታ ለሳጅን ናኮ፣ ለብቻዬ አንሣኝ አለችው። አነሣት። አጠገቧ ማንም የለም፤ ጸጉሯ በነፋስ ተበታትኗል፣ አፏ እንደተከፈተ ነው። ዴክላን እንባውን እየጠረገ፣ አልገደልኳትም፣ መትቻታለሁ እንጂ፣ አለ። ሳጅኑም ደብተሩን አውጥቶ፣ እኔም የምጽፈው እሱኑ ነው ብሎት ወደ ጀልባው ይዞት ወረደ። ባዚል ሰሌኖቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ሄደ፤ የረዳው ሰው አልነበረም። አጎትሽ ለአራት ቀን አላናገረኝም። ትናንት ግን ደጄ ድረስ መጥቶ፣ ደህና መሆንሽን ጠይቆ፣ አንድ ዕቅፍ ቦዬ ትቶልኝ ሄደ። አቀርቅሮ ነበር።

ፎቶው ሲወጣ ያ መነጽራም ሰውዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? በማሽን የተሠራ ምስል ነው፣ ጣቶቿ ያጠራጥራሉ አለ። እንግዲህ አንቺ አጠገብሽ ስለሆነች ቁጠሪያቸው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የከበደኝን ልጻፍልሽ። አንድ ገጽ ጽፌ ቀድጄዋለሁ፣ ይሄኛውን አልቀድም። ያን ጠዋት ዓይንሽ አብጦ ወደ እኔ መጥተሽ «ማማ፣ ሄም ኢ ኪሊም ሚ» አልሽኝ። እኔ ቋንቋውን አውቃለሁ። መታኝ ማለትሽ እንደሆነ፣ ገደለኝ ማለትሽ እንዳልሆነ ገባኝ። ስለገባኝም «ቻይው» አልኩሽ፣ አሳማ ታረደ፣ ሰሌን ተቀበልኩ። ብሪዮኒን አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ያንኑ ቃል ሲያነቡ ምድር ተንቀጠቀጠባቸው፣ እንቅልፍ አጡ፣ ሻማ አበሩ። እነሱ ቃሉን ተሳስተው አለቀሱላት። እኔ የወለድኩሽ፣ ሳልሳሳት መልሼ ለባዚል ሰጠሁሽ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ይህን በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ ስለ ዝናቡ አውርቼ እንደዘጋሁ እግዜር ያውቃል።

ኮንትራትሽ ሲያልቅ ብትመጪ፣ የምትገቢው እኔ ቤት ነው፤ ማንም ሽማግሌ ሰብስቦ አይጠብቅሽም። አልመጣም ብትዪም እኔ አልቀየምሽም፤ አንድ መስመር ጻፊልኝ፣ ይበቃኛል። በየትኛውም ቋንቋ ጻፊው። አሁን ደጋግሜ አነባለሁ።

የባሕሩ ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ወገብሽን ያጽናልሽ፤ ክፉ እጅ ካንቺ ይራቅ። ሜብል ሁለቱን ጉንጮችሽን በሩቁ ትስማለች።

አሁን ገና የሰማችሽ እናትሽ፣
ዶሪስ