ጽዋው እስኪመለስ የጠበቁ፦ የወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ገሜዳ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ገሜዳ ከአባታቸው ከአቶ ገሜዳ ቱሉና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተሻለች ይገዙ በመስከረም ወር 1903 ዓ.ም. ቀራንዮ መድኃኔዓለም አጠገብ ተወለዱ። ከአባታቸው ኦሮምኛ፣ ከእናታቸው አማርኛ፣ ከደብሩ መምህር ፊደልና ዳዊት ተምረዋል። ዝምታን ግን ማንም አላስተማራቸውም። በ1922 ዓ.ም. ከአቶ ፈጠነ ደመቀ ጋር ተጋብተው እኛን ሁለት ልጆቻቸውን ወልደዋል።

በ1924 ዓ.ም. ኮልፌ በነበረው የአንግሊካን ሚሲዮን ክሊኒክ ቁስል አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ። በዚያ ሦስት ቄሶች ነበሩ፤ እንግሊዛዊው ቄስ ኤድዊን፣ ሕንዳዊው ቄስ ማታይና የዩጋንዳው ቄስ ዮና። አንድ ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው እንግሊዛዊው በሳሎን፣ ሁለቱ በጓሮ ክፍል ይመገቡ ነበር። እናታችን ይህን ሁለት ዓመት ታግሠው አዩ። ለእርሳቸው ሁለት ዓመት ብዙ ነው። በመጨረሻ ሦስቱን አቁመው፣ “አብራችሁ ሳትበሉ ምን ልታስተምሩን ነው?” አሏቸው።

በወሩ በ27 የሚጠጣውን የመድኃኔዓለም ማኅበር ከቄሶቹና ከአባታችን ጋር የመሠረቱት ያኔ ነው። የንስሐ አባታቸው መጀመሪያ ቅር ተሰኝተው ነበር፤ ኋላ ግን ዳቦውን ባርከው የሚቆርሱት እርሳቸው ራሳቸው ሆኑ። ጽዋውን መጀመሪያ የተቀበሉት ቄስ ኤድዊን ስጦታ መስሏቸው አመስግነው ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። በወሩ ማኅበርተኛው ደጃቸው ሲደርስ ከብስኩት በቀር የቀረበ ነገር አልነበረም። ጽዋ የተቀበለ ተረኛ እንደሆነና መደገስ እንዳለበት የተማሩት በዚያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስቱ ከአንድ ገበታ ቆረሱ፤ የሳሎኑም በር ተከፈተ።

በ1929 ዓ.ም. ከየካቲቱ ፍጅት በኋላ ጣሊያን የሚሲዮኑን ሰዎች ሲያባርር ተረኛው ቄስ ኤድዊን ነበሩ። ጽዋውን እንደያዙ ከሁለቱ ጋር ወደ ካርቱም ተሰደዱ። ጎረቤት ሁሉ ማኅበሩ ፈረሰ አለ። እናታችን ግን፣ “ጽዋ የወሰደ ሰው ይመለሳል” ብለው በየወሩ በ27 ዳቦ ጋግረው ሦስት በርጩማዎች ይደረድሩ ነበር። መሰብሰብ ክልክል ስለነበር አባታችን በርጩማዎቹን እንዲያነሡ ለመኗቸው። አላነሡም። በ1931 ዓ.ም. ቤቱን የፈተሸ የጣሊያን ሹም ለማን እንደተዘጋጁ በአስተርጓሚ ቢጠይቃቸው፣ “ላባረራችኋቸው ነው” ብለው መለሱ። በዚህ መልስ ሁለት ወር ታሰሩ። በእስር ቤትም ሆነው 27 ሲደርስ ከስንቃቸው ቆርሰው ለእስረኞች አካፍለዋል።

ሐምሌ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቄስ ዮናና ቄስ ማታይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር መጥተው የእናታችንን ደጅ አንኳኩ። ጽዋው በቄስ ዮና እጅ ነበር። ቄስ ኤድዊን ካርቱም ላይ ታመው ሲያርፉ የመጨረሻ ቃላቸው ተራቸው እንዳይታለፍ የሚል ነበር። ቄስ ዮናም ስለ ወንድማቸው ደገሱ። እናታችን በእስር ቤት ያላፈሰሱትን እንባ ያን ቀን አፈሰሱ፤ ቀጥሎም ወጡ ጨው አነሰው አሉ።

ሁለቱም በየአገራቸው ለጵጵስና ከበቁ በኋላ ከሌሎች አገሮች ጳጳሳት ጋር በተሰበሰቡ ቁጥር 27ን ከአንድ ገበታ ቆርሰው ያከብራሉ። ኮልፌን በረገጡ ጊዜም ተራቸውን አስታጉለው አያውቁም።

እናታችን ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 19 ቀን 1955 ዓ.ም. በ52 ዓመታቸው ዐርፈዋል። በአልጋቸው ላይ ሳሉም የዚህ ወር ተረኛ እርሳቸው እንደሆኑ አስታውሰውናል። ሊጠይቋቸው የመጡት ጳጳስ ዮና ድግሱን ስለ እርሳቸው እንደሚያወጡ ቃል ገብተውላቸዋል። ባለቤታቸው አቶ ፈጠነ፣ ልጆቻቸው እሙና ኃይለ መስቀል እንዲሁም አምስት የልጅ ልጆች ከኋላቸው ቀርተናል። እጅግ ናፍቀውናል።

የፊታችን ኅዳር 27 በርጩማዎቹ ይደረደራሉ፤ የእናታችንም ይጨመራል። ከዚያ ጳጳስ ዮና ቀጣዩ ተረኛ ሆነው ጽዋውን ወደ ዩጋንዳ ይዘው ይሄዳሉ፤ ስጦታ መስሏቸው እንዳልሆነ ጠይቀን አረጋግጠናል። ደጅ ጠንተው የጠበቁትን እናታችንን መድኃኔዓለም ከማይፈርሰው ማኅበሩ ይደምርልን፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያስቀምጥልን። አሜን።