ስለ ሳሎኑና ስለ ወንድምህ

እሑድ፣ ጥቅምት 11

ለናፈቅከኝ ለልጆቼ አባት፤

ልጆቹ ደህና ናቸው፣ እኔም ደህና ነኝ። ይህን ያስቀደምኩት ከታች ያለውን ስታነብ ልብህ ቀጥ እንዳይል ነው። በስልክ ያልነገርኩህ ደግሞ ገና ሳልጨርስ ጆሮዬ ላይ ስለምትዘጋው ነው። ወንድምህ ቤትህ ውስጥ ነው። አዎ፣ ታናሽህ። ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በአንተ ስም ዋሽቼ። በል አሁን ተቀመጥና እንዴት እንደሆነ አንብብ።

ኮሌራው ሰፈራችን የገባው የላይኛው የውሃ ቧንቧ ከፈነዳ በኋላ ነው። ጤና ጣቢያው በሦስት ቀን ሞልቶ ሰው በረንዳ ላይ መተኛት ጀመረ። ማኅበራችን ተሰበሰበ። ያ አንተ "ከስብሰባ ሌላ ሥራ የለውም" እያልክ የምትቀልድበት ማኅበር ማለቴ ነው። ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ ሲስተር፣ ተነስታ "ሰፊ ክፍልና ቅርብ ውሃ ያለው ማነው?" አለች። ሁሉም ጫማ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ እጄን አወጣሁ። እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ብቻ ወጥቶ አገኘሁት።

አዎ፣ ያንን ሳሎን። ልጆቹ እንዳይረግጡት የምትቆልፈውን፣ ለክቡር እንግዳ ተብሎ አንድም ክቡር እንግዳ ያልመጣበትን። የሶፋውን ላስቲክ ስንት ዓመት "ቅደደው፣ ላብ በላብ ሆንን" ስልህ እምቢ ያልከው ለካ ለዚህ ኖሯል! በበረኪና ወልወል ሲያደርጉት ጥርት ይላል። ሲስተር "ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ" ብላሃለች። ፎቶህን ከግድግዳው አውርጄ ሚስማሩ ላይ ግሉኮስ ሰቀልንበት። አትቆጣ፣ መኝታ ቤት እኔ አጠገብ ነው ያለኸው። በሃያ ቀን ውስጥ፣ አሁን ካሉት በሽተኞች ሌላ፣ አርባ ሦስት ሰው ተኝቶበታል፤ አርባ ሦስቱም ድነዋል። አንድ ሰው አልሞተብንም! ስጽፈው ራሱ ደረቴ ይነፋል። ኩራት አይደለም አልልህም፣ ኩራት ነው። ሁሉም በእግሩ ሄዷል፤ አንዱ ብቻ ድኖም አልወጣም፤ እሱ ወንድምህ ነው።

ሁልጊዜ ጠዋት በጎ ፈቃደኞቹ እዚያው ሳሎን ቆመን በሽተኛ የምንፈልግበትን ቤት እንከፋፈላለን። ጸሐፊያችን የልጆቹ የድሮ አስተማሪ ናቸው። ደብተራቸውን ይዘው "እዚህ ቤት ማን አየ? እዚያስ?" ይላሉ፣ ያየ ይመልሳል። በዘጠነኛው ቀን የእኛን ቤት ጠርተው፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን የወንድምህን ትተው ወደሚቀጥለው አለፉ።

"መምህር፣ አንድ ቤት ዘለሉ" አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። "አንቺ እንዳይከፋሽ ብለን ነው፣ ልጄ።"

ለካ ዘጠኙንም ቀን ሲዘሉት ኖረዋል! እናንተ በአንድ ክንድ አጥር ተጣልታችሁ፣ አንተም ስሙ እዚህ ቤት እንዳይነሳ ብለህ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰፈሩ ይሉኝታ ይዞት ኖሯል። በሩ ከተዘጋ ሁለት ቀን እንደሆነው ያየ ሰው ነበር፤ ግን እኔ ፊት ማንሳት ከበደው። ደሜ ፈላ። በእነሱ ብቻ አይደለም፤ በአንተም፣ በእኔም።

ጫማ ሳላጠልቅ ሮጥኩ። በሩን ደበደብኩት። ቆይቶ ቆይቶ በደከመ ድምፅ "ማነው?" አለ።

"እኔ ነኝ፣ ክፈት!"

"እትዬ፣ ተመለሽ። እሱ ቤት ከምገባ እዚሁ ልሙት።"

ግትርነቱ ቁርጥ አንተን! የአንድ እናት ልጆች መሆናችሁን ማን ይክዳል?

"እሱ ነው የላከኝ" አልኩት።

"ማን?"

"ወንድምህ ነዋ! አሁን ደውሎ፣ 'ሄደሽ አውጪው፣ የእኔ ሶፋ ላይ አስተኚው' አለኝ።"

በዕድሜዬ እንዲህ ሳላቅማማ ዋሽቼ አላውቅም። መቀርቀሪያው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። እየዳኸ ነበር የመጣው። ዓይኑ ሰርጉዶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ አባታችሁ ሊሞቱ ሲሉ የነበራቸውን ፊት አየሁበት። አለቀስኩ። እያለቀስኩ ከመምህር ጋር በአንሶላ ተሸክመን አስገባነው።

ሁለት ቀን ከአጠገቡ አልተነሳሁም። በሦስተኛው ቀን "ራበኝ" ሲል ሲስተር አጨበጨበች። አሁን ውሃ ያፈላል፣ በረኪና ይበጠብጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ ያስመለሰውን ሰው ያጥባል። "ቤትህ ሂድና እረፍ" ስለው "ወንድሜ ሂድ ሳይለኝ?" አለኝ።

ሳሎኑን በመስጠቴ ይቅርታ አልጠይቅህም። ነገ ቢጠይቁኝም እሰጣለሁ። ስለ ውሸቴ ግን አንድ ልመና አለኝ። ለሚገባው በሽተኛ ሁሉ "አይዞህ፣ እኔንም ሞት አፋፍ ላይ ነበር ያገኙኝ፤ ያዳነኝ ወንድሜ ነው፣ ከዚያ ሁሉ ርቀት ደውሎ አስወጣኝ" ይላል። ትናንት አንዲት እናት "ታድለህ፣ እንዲህ ያለ ወንድም አለህ" ስትለው ፊቱን አዙሮ አለቀሰ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ አላስተባበልኩም።

አምላክ ባለህበት ይጠብቅህ፣ እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክልህ። ደብዳቤው እንደደረሰህ ደውል፤ ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው። አንተም እንዳታስተባብል።

የምትወድህና የማትፈራህ
ሚስትህ