ገጹ ላይ ያልነበረው አንበሳ

ውድ ባለቤቴ፣

ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈልህ ብለሽ እንዳትጠይቂ። እኔው ነኝ። ጎማ ሲለጥፍ የኖረ እጅ እንዲህ ያለ ፊደል ይጥላል ብሎ ማን ገመተ? የማታ ትምህርት አስተማሪያችን “እንደ አንተ ቶሎ የገባው የለም” ብሎኛል። በአፉ ባይለኝም በዓይኑ ብሎኛል።

ዛሬ ግን የምጽፍልሽ ለጉራ አይደለም። ደንግጬ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ በዚያ ያዢልኝ።

የልጃችን ትምህርት ቤት የንባብ ፕሮግራም ጀምሯል። ዓርብ ዓርብ ተማሪዎች ከቤተሰባቸው ጋር ቆመው ድምፅ አውጥተው ያነባሉ። የቤተ መጻሕፍቱ መምህርት ጎማ ልታስነፋ መጥታ፣ ከክፍሉ ሳትመዘገብ የቀረችው የእኛ ልጅ ብቻ እንደሆነች ነገረችኝ። ሳቅኩባት። የኔ ፕሮፌሰር ማታ ማታ ለእኔ ማንበብ ከጀመረች እኮ ቆየች፤ አንቺ መጽሐፉን አዘጋጂ እንጂ ስለ አንባቢዋ አታስቢ አልኳት።

አንቺስ ብትሆኚ ለሥራ ከሄድሽበት ሆነሽ የጥንቸሏን ታሪክ በስልክ ስንቴ ሰምተሻል? እንደ ውሃ ነው የምታወርደው፤ አንድ ቦታ አትደናቀፍም።

የዚያን ዕለት ማታ እስቲ ለዓርብ እንለማመድ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጀመረች። ጥንቸሏ ሮጠች፣ አንበሳው አገሳ። እኔም አሁን የተማርኩ ሰው አይደለሁ፣ በዓይኔ ፊደሉን እከተላለሁ። አንበሳ የለም። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው፤ የተማርኩት ሁሉ ባንዴ ጠፋብኝ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። በጣቴ እየነካሁ እንደገና ለቀምኩት። ገጹ የሚያወራው ስለ ዝናብ ነው።

“ፕሮፌሰር፣ አንበሳው የታለ?” አልኳት።

መጽሐፉን ከደነችው። “አባዬ፣ ማንበብ የቻልክ ቀን ታውቅብኛለህ ብዬ ፈርቼ ነበር” አለችኝ።

ልጃችን ማንበብ አትችልም። ሥዕሉን እያየች ከራሷ ፈጥራ ነው ስታወራልን የኖረችው። ክፍል ውስጥ ሁሉም በአንድ ድምፅ ስለሚያነብ፣ እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታልፈዋለች። ለካ ወደ ማታ ትምህርት ልወጣ ስል እርሳሴን የምትደብቀው እኔ የማማት ድመታችን አልነበረችም፣ እሷው ናት! እኔ ደግሞ ይህን ንባቧን እያወራሁ ጎረቤቱን ሳደነቁር ኖሬያለሁ።

ጠዋት ይዣት ወደ መምህርቷ ሄድኩ። መምህርቷ አልተቆጣችም፤ ፕሮግራሙን የጀመርነው ለእንደዚህ ዓይነቶቹ ነው፣ ከትንሹ መጽሐፍ እንነሳለን አለች። ልጅቷ ግን ከኋላዬ ተሸጉጣ ይስቁብኛል ብላ እምቢ አለች።

“ቀድሜሽ እኔ አነባለሁ” አልኳት። “ሳቃቸውን እኔ ላይ ይጨርሱታል፤ ላንቺ አይተርፋቸውም።”

ይሄኔ ለመምህርቷ፣ “የአባዬን ስም መጀመሪያ ጻፊው” አለቻት።

አንበሳውን ግን ሳልናፍቀው አልቀርም። ፊደሉን ስትጨርስ ራሷ ትጽፈዋለች ብዬ ተጽናንቻለሁ።

አደራ የምልሽ አንድ ነገር ነው። ከእንግዲህ ስንደውልልሽ የምታነብልሽ ገጹ ላይ ያለውን ነው። አንድ ቃል ላይ ብዙ ትቆያለች። ዝም ሲልብሽ ስልኩ ተቋረጠ ብለሽ እንዳትዘጊው። እዚያው ነን፤ ፊደል እየቆጠርን ነው።

በገዛ እጁ የጻፈልሽ፣
ጎሚስታው ባልሽ